የሁለት ዓመት ፈቃድ፣ የሃያ ዓመት ብድር

ሱጋንቲ በጆርጅታውን ከተማ በአንድ ባንክ የቤት ብድር ክፍል ስትሠራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ፊሊፒናዊው መሐንዲስ ሮዴል መጀመሪያ ፊቷ በተቀመጠ ዕለት ልብሱ በዝናብ በስብሶ ነበር፤ ወረቀቶቹን ግን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ጠብታ አላስነካቸውም።

ሊገዛ የፈለገው ባሕሩ ዳር ካለ አሮጌ ሕንፃ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ከአገሩ ከወጣ አሥራ አራት ዓመቱ። ያን ሁሉ ዘመን በሰው ቤት፣ በሰው ቁልፍ ሲገባ ሲወጣ ኖሯል።

ሱጋንቲ ፋይሉን አገላብጣ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የሥራ ፈቃድዎ የሁለት ዓመት ነው፤ የጠየቁት ብድር ደግሞ የሃያ ዓመት። ባንኩ የቀረውን አሥራ ስምንት ዓመት የት እንደሚሆኑ ማወቅ ይፈልጋል።»

«እዚሁ ነኛ» አላት።

እንዲህ ያለ መልስ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ሱጋንቲ ግን ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗንም ቶሎ አልመለሰችም።

ለውጭ አገር ሰው አንዱ ወረቀት ሲሟላ ሌላው ይጎድላል። የግብር ማስረጃ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የግዛቱ መንግሥት ፈቃድ ተጠየቀ። ሮዴል በየዓርቡ አንድ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣ ጀመር። የሥራ ባልደረባዋ ሜይ ፎንግ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ማምጣት እየቻለ የሚከፋፍለው አንቺን ሊያይ ነው ብላ ቀለደችባት። ሱጋንቲ ሥራሽን ሥሪ አለቻት፤ ዓርብ ዓርብ ግን ፀጉሯ ላይ ነጭ የጃስሚን አበባ መሰካት ጀምራለች።

በሦስተኛው ወር ምሳ ሊጋብዛት ጠየቃት። መጀመሪያ ፋይሉን ለሜይ ፎንግ አስረከበች፤ ከዚያ አብራው ወጣች። ሩዝ በዓሣ ወጥ እየበሉ ሳታስበው «አንተ» አለችው። ሰማት። እሱም «አንቺ» ብሎ መለሰላት፤ ሩዙ ቀዘቀዘ።

ብዙም ሳይቆይ ብድሩ ተከለከለ። አለቃቸው ግን፣ የአገሩ ዜጋ የሆነች ሚስት አብራው ብትፈርም ነገሩ ይቃለል እንደነበር ለሜይ ፎንግ ነገራት። ሱጋንቲ ይህን በሰማችበት ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሮዴል ሄደች።

«እኔ እፈርማለሁ» አለችው። የቀረውን በዓይኗ ነገረችው።



«አይሆንም» አላት ሮዴል፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

እናቷ ወይዘሮ ራጄስዋሪ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሰውየው የሚፈልገው ፊርማሽን ነው እያሉ ከጅምሩ ሲያስጠነቅቋት ነበር። ያን ምሽት ግን ሱጋንቲ «ፊርማዬንማ እንቢ አለኝ» ብላ ስታለቅስ አጠገቧ ተቀመጡ።

ሁለት ወር ሙሉ ሮዴል ባንኩን አልረገጠም። ጃስሚኑም ቀረ።

አንድ እሑድ ጠዋት ሙዝና ኮኮናት በሳህን ይዞ የእናትየው በር ላይ ቆመ። ሱጋንቲ ወጥ ቤት ነበረች፤ ድምፁን ስትሰማ ውኃውን ዘጋችው።

«የቤቱ ነገርስ?» አሉት ወይዘሮ ራጄስዋሪ፣ ግባ ሳይሉት።

«ሌላ ሁለት ባንክ ሞክሬ ሁለቱም እንቢ አሉኝ፣ እማማ። ትናንት ሌላ ሰው ገዛው።»

«እና አሁን ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ልጅዎን። ቤቱ ሳይሸጥ ብጠይቅዎት አንድ ቀን እርስዎም እሷም፣ ምናልባት እኔም ራሴ እንጠራጠር ነበር። አሁን የምትፈርምልኝ ነገር የለም።»

ሱጋንቲ እርጥብ እጇን ሳትጠርግ ወጣች።

«ይህን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ያኔ ብነግርሽ ትፈርሚ ነበር።»

 ሁለት ወር ያቃጠላት ነገር ውርደት መስሏት ነበር፤ አሁን ፊቱን ስታይ ግን እሱም ከስቷል፤ ናፍቆት እንደነበር ገባት።

እናትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በእነሱ ልማድ ልጅ የሚጠየቅበትን ሳህን ከእጁ ተቀበሉት።

«ጫማህን አውልቅና ግባ» አሉት።

በጥር ተጋቡ። የሚኖሩት ከገበያው ጀርባ በተከራዩት ሁለት ክፍል ነው፤ ወይዘሮ ራጄስዋሪ በየእሑዱ እየመጡ መጋረጃው አጠረ ይላሉ።