ወለሉ ያላወቀው ሕመም

በማርስ ላይ ባለችው ከተማ በር የሚከፈተው በቁልፍ ሳይሆን በአረማመድ ነው። «ርምጃ አንባቢ» የሚሉት ወለል የረጋጩን ማንነት ቀርቶ ጤናውንም ከእግሩ ያውቃል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሹፌሩን ደምመላሽን «ጡንቻው እየሟሸሸ ነው፤ በነገው መንኮራኩር ወደ ምድር ይመለስ» ብሎ በር ዘጋበት። ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች! እዩት እንግዲህ የወለል ክፋት።

ውሳኔውን የምታጸድቀው ወይም የምትሽረው የወለሉ ሐኪም ትርሲት ነበረች። ጫማውን አስወልቃ፣ እግሩን ውሃ ነክሮ እንዲራመድ አዘዘችው። ዱካው መሃሉ ላይ ምንም ጎደሎ የለውም፤ ውስጥ እግሩ እንዳለ መሬት ይነካል።

«ጠፍጣፋ እግር ነው እንዴ ያለህ?»

«ከተፈጠርኩ ጀምሮ። አሞኝ አያውቅም። ብዙ ስቆም ስለሚደክመኝ ብቻ ጫማዬ ውስጥ ደጋፊ ንጣፍ አደርጋለሁ።»

ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ዘመም ብሏል፤ ጉልበቱም ተከትሎታል። «እስቲ በጣቶችህ ቁም» አለችው። ሲቆም የጠፋው የእግሩ ቅስት ብቅ አለ፤ ባቱም ጠንካራ ነው። ትርሲት እፎይ አለች።

«ጡንቻህ ደህና ነው፤ ወለሉን ያሳሳተው ያለ ንጣፍ መራመድህ ነው። ንጣፉስ የት ሄደ?»

ደምመላሽ አንገቱን ደፋ። «አዲሱ ጫማ ጠባብ ነው፣ ንጣፉን አላስገባ አለ። አማቴ ናቸው ለልጃቸው ወሊድ ሲመጡ ከምድር ያመጡልኝ። እያዩኝ እንዴት ላውልቀው?»

«ጉድ ነው! በይሉኝታ ከማርስ ልትባረር?»

ይህን ስትል ወለሉ «ሌላ ሕመምተኛ!» ብሎ ጮኸ። አማቱ ወይዘሮ አልታዬ እያነከሱ ከበሩ ደረሱ።

«ልጄን የት ልትወስዱብኝ ነው?»

ትርሲት አዲሱን የሚያብረቀርቅ ጫማቸውን አየችው። «እማማ፣ ጫማው ይጠብብዎታል እንዴ?»

ወይዘሮዋ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ዝም በይ ልጄ፣ ይሰማል። ስመጣ የሸለመኝ እሱ ነው። ደስ ይበለው ብዬ እንጂ ጣቶቼስ አልቀዋል።»

ደምመላሽ ሰምቷል። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ አማቱም ባፋቸው ላይ ነጠላቸውን ይዘው ሳቁ።

ወለሉ «የሕመሙ መንስኤ?» ሲል ትርሲትን ጠየቃት። ሰው የሚወደውን ላለማስከፋት እየተጎዳ እንደሚሄድ ለወለል እንዴት ይነገራል? «ሁለቱም ጤነኞች ናቸው» ብላ ትእዛዙን ሻረችው። አማችና አማት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ተደጋግፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።