ተከላካዮቹን በቃጫ ያሰረው

ቡታጅራ ውስጥ በዚያ በጣሊያን ጊዜ ያልተናደደ ሰው ከተገኘ ወይ ባንዳ ነው፣ ወይ ከእንቅልፉ አልነቃም። የወጣቱ የከድሮ ንዴት ግን ለብቻው ነበር።

ከድሮ አዲስ አበባ ሲማር ከኋላ የሚቆም ኳስ ተጫዋች ነበር። እሱን ያየች ኳስ ደንግጣ በመጣችበት ትመለሳለች እየተባለ ይወራለት ነበር፤ ያወራው ራሱ ነው። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እሱም ወደ አገሩ ወደ መስቃን ተመለሰ። የከተማው የጣሊያን ጦር ካፒቴን ኳስ ማወቁን ሲሰማ አስጠራውና የከተማውን ልጆች ተከላካይነት አሰልጥን አለው።

«ግን እንዲሮጡ ብቻ አስተምራቸው፤ እንዲያስቆሙኝ አይደለም» አለ በአስተርጓሚ። ካፒቴኑ እሑድ እሑድ ራሱ ይጫወታል፤ ጎል ሳያገባ ከዋለ አለንጋው አያርፍም ነበር።

ከድሮ በአዘቦት ቀን ልጆቹን ደህና አድርጎ ያሰለጥናል። እሑድ ሲሆን ግን «ክፈቱለት» ይላል። ይህችን አንዲት ቃል በተናገረ ቁጥር ምራቁ እሬት ይሆንበታል።

ልጆቹ እንደ ዶሮ እየተበተኑ ሲያስቸግሩት ገበያ ወረደና ከእንሰት ቃጫ ገመድ የምትገምደውን ዘይባን አገኘ።

«ለላም ነው ለበሬ?» አለችው።

«ለተከላካይ።»

«እሱ ደግሞ ምን የሚባል ከብት ነው?»

«ጎል ፊት የሚቆም ሰው ነው። አራቱን ወገብ ለወገብ አስራቸዋለሁ። አንዱ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል።»

«ወላሂ፣ መታሰር የነበረብህስ አንተ ነህ!»

ሳቀች። ገመዱን ስትሰጠው ግን ጫፉን ቶሎ አልለቀቀችውም፤ እሱም አልጎተተም።

ከዚያ ወዲያ የከድሮ ገመድ በየገበያው ቀን ይበጠስ ጀመር። በቢላዋ የሚበጥሰው ራሱ እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ሽማግሌ ላከ፣ አባቷ ሸረፋ እሺ አሉ፣ እሱም የጎጆውን ግድግዳ አቆመ።

አንድ እሑድ ካፒቴኑ ወደ ጎል ሲሮጥ ሽፋ የሚባለውን የዘይባን ወንድም በክርኑ መታውና የፊት ጥርሱን አወለቀው። ሽፋ ከአራቱ ተከላካዮች አንዱ ነበር፤ በታዘዘው መሠረት እጁን አጣጥፎ እንደቆመ ነው የተመታው።

ማግስቱን ዘይባ አዲሱ ጎጆ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

«ወንድሜን ግንድ አድርገህ ያቆምከው አንተ ነህ?»

«ባይቆም ይገረፍ ነበር!»

«አሁንስ ምን ቀረለት? ጥርሱን ይዞ ቢገረፍ አይሻልም ነበር?»

«ቀላል ነው አይደል? አለንጋው የሚያርፈው ያንቺ ጀርባ ላይ አይደለማ!»

«ስማ ከድሮ። የሚቀጥለው እሑድ ሰውየው ጎል ካገባ ሽማግሌዎችህን መልሳቸው። እጁን አጣጥፎ የሚያይ ባል አልፈልግም።»

እሑድ ደረሰ። ጨዋታው ማንም በማያርሰው፣ ማንም በማያጥረው በመንደሩ ሰፊ መስክ፣ በጀፎረው ላይ ነበር። ከድሮ አራቱን ልጆች እንደ ልምምድ ቀን ወገብ ለወገብ አሰረና ወደ ሜዳ ለቀቃቸው። «ክፈቱለት» አላለም።

ካፒቴኑ በቀኝ መጣ፣ ግድግዳ ሆኑበት። በግራ ዞረ፣ ግድግዳው አብሮት ዞረ። ሲመሽበት በንዴት ዘልሎ ሊያልፍ ሞከረና ገመዱ ላይ ተጠልፎ በአፍንጫው ወደቀ። አወዳደቁ ጥያ ድረስ ተሰምቶ ትክል ድንጋዮቹ ያጋደሉት የዚያን ዕለት ነው የሚል አለ፤ ከዚያ በፊት አጋድለው ያየ ካለ ይናገር።

«ፍታቸው!» ብሎ ጮኸ ካፒቴኑ፣ አፍንጫው እየደማ።

«አልፈታም!» አለ ከድሮ። ስንት ወር ጉሮሮው ላይ የቆመ ቃል ነበር። «ሂድና ለአስተርጓሚህ ንገረው፤ ዛሬ አይከፈትልህም!»

ጥይት ተተኮሰ። አራቱ ልጆች እንደታሰሩ ወደ እንሰቱ ገቡ፤ ስምንት እግር ያለው አውሬ አየን ብለው አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች ወደ ኋላ ሸሹ ይባላል። ከድሮን ግን በሌላ በኩል አንድ እጅ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ዘይባ ነበረች።

ተራራውን ወጡ። ከላይ ዞረው ሲያዩ አዲሱ ጎጆ በእሳት ይነድዳል።

«ይኸው!» አለ ከድሮ፣ ወደ እሳቱ እየጠቆመ። «ደስ አለሽ?»

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት? ለምን እኔ ላይ ትጮሃለህ?»

«ታዲያ ማን ላይ ልጩህ?»

ዘይባ የሻሿን ጫፍ በምራቋ ነካ አድርጋ ሲሸሹ እሾህ ከጫረው ግንባሩ ላይ ደሙን ጠረገችለት። አጠራረጓ ግን የቁጣ ነበር፤ ከቁስሉ ይልቅ ያ አመመው።

አረቅጥ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ሼህ አገኙ። ኒካህ ሊያስሩላቸው ተቀምጠው ሁለቱን በየተራ ተመለከቱ። እሱ ጥርሱን ነክሷል፤ እሷ ፊቷን አጥቁራለች።

ሼሁ ተጨነቁ። «ልጆቼ፣ እውነቱን ንገሩኝ። አስገድደዋችሁ ነው?»

«አይደለም!» ብለው ጮሁ ሁለቱም፣ በአንድ ድምፅ።