የደራርቱ ቁና

ባላምባራስ ሰብስቤ አዳማ ጣቢያ ከባቡር ሲወርዱ ሊቀበላቸው የመጣ ሰው አልነበረም። የመንግሥት ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ሹሙ ነጭ ለብሶ ካልጠበቀ አንድም ንቋል፣ አንድም ሰው ሞቷል። ሰው ሞቶ ነበር።

ዘመኑ የአልጋ ወራሹ ነው። አንበጣ የአዋሽን ዳር እህል ሙልጭ አድርጎ ከበላ ወዲህ መንግሥት ለመበለቶችና ለአቅመ ደካሞች በየወሩ እህል ያሰፍር ነበር። ሕዝቡ «የአንበጣ ቀለብ» ይለዋል። እህሉ ለሚገባው ሰው መድረሱን የሚቆጣጠሩት ባላምባራስ ሰብስቤ ናቸው። ከሞጆ እስከ መተሐራ ያለ ጎተራ ሁሉ ስማቸውን ሲሰማ ይጠረጋል ብለው ያሟቸዋል። አሁን ወደ አዳማ ያመጣቸው ግን ሌላ ወሬ ነበር። አዳማ ላይ ሙታን ቀለብ ይወስዳሉ ተብሏል።

የቀለቡ እህል የሚቀመጠው ከከተማው ዳር፣ መሬት ውስጥ በተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች ነው። በላይኛው የነበረው ገብስ ባለፈው ወር ተሰፍሮ አልቋል። በታችኛው ማሽላ አለ። አፋቸው የአንድ ሰው ትከሻ ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን ውስጣቸው ቤት ያህላል። እያንዳንዱ በጠፍጣፋ ቀላል ድንጋይ ይከደንና ዙሪያው በእበት ይመረጋል። የጉድጓዶቹ ጠባቂ ባጫ በጋቢ ተሸፍኖ ግራር ሥር ተጋድሟል። ለነገው ቀለብ ማሽላ ሊያወጣ ጠዋት ወርዶ እዚያው ሞቷል። ሰብስቤ ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩት። ቁስል የለውም፤ ደክሞት የተኛ ሰው ይመስላል።

አጠገቡ አንድ ጎልማሳ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። ወዬሳ ይባላል፤ ሥራው ጉድጓድ መክፈት ነው።

«በነገው ባቡር አዲስ አበባ ይላካል» አሉ የከተማው ሹም። «በቸልተኝነት ነፍስ አጥፍቷል። እዚያ የሚጠብቀውን ያውቀዋል።»

ወዬሳ ቀና ብሎም አላየም። ሰብስቤ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እንዴት ነው የምትከፍተው? እንደማላውቅ አድርገህ ንገረኝ።»

«ተከድኖ የከረመ ጉድጓድ ትንፋሽ አለው ጌታዬ። ገዳይ ነው። ስለዚህ በዋዜማው እከፍተዋለሁ። ክዳኑን ገልብጬ ሆዱን ወደ ሰማይ አደርገዋለሁ። ከእህሉ ወዝ የተነሳ ሆዱ ርጥብ ነው። በማግሥቱ ኦቦ ባጫ ይመጣል፤ የድንጋዩን ሆድ በመዳፉ ይዳብሳል። ከደረቀ ጉድጓዱ ተከፍቶ አድሯል ማለት ነው፤ ይወርዳል። ርጥብ ከሆነ ደግሞ ይመለሳል።»

«ትናንት ከፍተኸዋል?»

«አልከፈትኩም። ክፈት ያለኝ ሰው የለም።»

«ከፍቻለሁ ብትል ይሻልህ ነበር።»

«አውቃለሁ። ግን አልከፈትኩም። ዱጋ ነው፤ እውነቱ ይሄ ነው።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ሬሳው መለሰ። «ስመጣ ተከፍቶ አገኘሁት። ወደ ታች ብጣራ መልስ የለም።»

አቶ ዘገዬ የቀለቡ ጸሐፊ ነው፤ ስም የሚመዘግበውም የሚጠራውም እሱ ነው። ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ሐዘኑ ልክ የያዘ። ሰብስቤ እንዲህ ያለውን ሰው በየጎተራው አይተዋል፤ ግማሾቹ ደጋግ ነበሩ።

«ይህን ምስኪን ያለ ጥፋቱ ነው ያሰሩት» አለ ዘገዬ። «ትናንት ክፈት ብዬዋለሁ፤ ከፍቷልም። አሁን ደንግጦ ነው የሚክደው። እኔ ራሴ ስደርስ የድንጋዩ ሆድ ደርቆ በዓይኔ አይቻለሁ። ተከፍቶ ያደረ ጉድጓድ ደግሞ ሰው አይገድልም።»

«ታዲያ ምን ገደለው?»

ዘገዬ ዙሪያውን ቃኘ። «ሚስቱ ናት ባላምባራስ። ደራርቱ። ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። በሕይወት ሳለች እግሯ አይሠራም ነበርና ስሟ ከቀለብተኞቹ ጋር ተመዝግቧል። ከሞተችም በኋላ በየወሩ ስሟ ሲጠራ እየመጣች ትወስዳለች፤ አገር ያየው ነው። ልሰርዛት ብል ባጫ እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ። አሁን እሱንም ይዛው ሄደች።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጣቢያ። የእርስዎን ባቡር ልጠይቅ ሄጄ ነው። ኡኡታውን ሰምቼ ስመጣ ሰው ሁሉ ከቦት ነበር።»

ሰብስቤ አመስግነው አሰናበቱት። ያ ምስኪን ብሎ የተከራከረለት ሰው ከአጠገቡ ታስሮ ሳለ ዘገዬ አንዴም ወዬሳን እንዳላየው ልብ ብለዋል።

ከጉድጓዶቹ ትይዩ ጨውና እህል የሚነግደው የመሐመድዘይን ሱቅ አለ። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ባዶ ጆንያ ከበሩ ኋላ ተጣጥፎ ሰብስቤ ገና ሲገቡ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ነጋዴውም እንዳዩት አየ።

«አልክድም» አለ። «ከአቶ ዘገዬ እህል እገዛለሁ። የደመወዜ ነው ይለኛል። አላመንኩትም፤ ግን ገዛሁት።»

«እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የደረሱት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እኔ ነኝ። ወዬሳ እያለቀሰ ጋቢውን በጉድጓዱ አፍ ላይ ያራግባል። ፋኖስ አወረድን፤ እፍ እንደተባለ ሁሉ ጠፋ። ሰው በኋላ ሙታን አጠፉት አለ። እንደገና አራገብን። ፋኖሱ እንደበራ ሲቆይ ወዬሳ ወርዶ አሰረው፤ ጎትተን አወጣነው። እዚያ የተገለበጠው ክዳን ላይ አጋድመን ሙሉ እንስራ ውኃ አፈሰስንበት። አልነቃም። ኡኡ ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

«እስከዚያ ድረስ ሌላ ሰው አልመጣም?»

«ማንም። ሕዝቡ የመጣው ጩኸቴን ሰምቶ ነው።» መሐመድዘይን በበሩ ወደ ግራሩ ተመለከተ። «ባጫ ደግ ሰው ነበር። ቀለብ በሚሰፈርበት ቀን ልብሱን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር የሚመጣው። ለሚስቱ ነው። እኔም አይቻታለሁ፤ ነጭ ተከናንባ፣ ፊቷ አይታይም። ሲሰፍርላት ያናግራታል። እሷ አትመልስም። አላህ ይጠብቀን እንጂ፣ እንደዚያ ደስ ብሎት የማየው በዚያች ቀን ብቻ ነበር።»

ሰብስቤ ብቻቸውን ወደ ጉድጓዶቹ ተመለሱ። ፀሐይ ቆልቁላለች፤ ነፋሱ አቧራውን በእግራቸው ዙሪያ ያዞረዋል። በታችኛው አፍ አጠገብ የተገለበጠውን ክዳን ዳበሱት፤ የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ አድርቃዋለች። ከዚያ ወደ ላይኛው ባዶ ጉድጓድ ወጡና ክዳኑን ገፍተው ገለበጡት። ሆዱ ላይ የእህል ፍሬ ተጣብቋል። ፍሬው ክር የመሰለ፣ ቀለም የሌለው ቡቃያ አውጥቷል። ጥቂቱን በመሐረባቸው ቋጠሩ።

ሊሄዱ ሲሉ ወደ ባዶው ጉድጓድ ጎንበስ አሉ፤ የገዛ ትንፋሻቸው ከታች ተመልሶ መጣ። ሥራቸው ሙታንን ከመዝገብ ማባረር ነው፤ የሰረዟቸውን ስሞች ብዛት ራሳቸውም አያውቁትም። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሁሉም ስማቸው እስኪጠራ ተሰልፈው የሚጠብቁ መሰላቸው። ፈሩ። ክዳኑን መልሰው ፈጠን ብለው ወደ ከተማው ወረዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ቀለብተኛው ሁሉ ከጉድጓዶቹ አጠገብ ተሰበሰበ። መሐመድዘይን መጥቷል፣ ዘገዬ መዝገቡን ይዟል፣ ወዬሳም እንደታሰረ ነው። ሹሙ ደጋግመው ወደ ጣቢያው ያያሉ፤ ባቡሩ ደርሷል።

«መጀመሪያ ስም ይጠራ» አሉ ሰብስቤ። መዝገቡን ከዘገዬ እጅ ወስደው ራሳቸው መጥራት ጀመሩ። የተጠራው ወጥቶ ይቆማል። ለብዙ ስም ግን መልስ የሚሰጥ ጠፋ፤ ሕዝቡም አንገቱን ደፋ።

«ደራርቱ።»

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ነጭ የተከናነበች ሴት ከኋላ መጣች። አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ የአላህን ስም ጠራ። ሰብስቤ መጀመሪያ ያዩት እግሯን ነው። ተረከዟ የተሰነጣጠቀና አቧራ የለበሰ የሰው እግር ነበር።

«ዛሬ እንዳትመጪ አልተባልሽም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ተብያለሁ» አለችና ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሳች። ቀጭን፣ ገና ያላረጀች ሴት ናት። «አበዛሽ እባላለሁ። ባሌ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ሞተ። ለቀለብ ስመዘገብ አቶ ዘገዬ፣ ላንቺ ቦታ የለም፣ የሞተች ሴት ስም ግን አለ፤ ተከናንበሽ ነይ፣ ግማሹ የኔ ነው አለኝ። ራበኝ፤ መጣሁ።»

«ባጫስ?»

አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ደራርቱ እያለ ያናግረኛል። ቤቱ ደህና ነው ይለኛል። ላሚቱ ወለደች ይለኛል። ቁናውን ከምሮ ይሰፍርልኛል። ባለፈው ወር አቃተኝ፤ ፊቴን ገልጬ አሳየሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ብዙ አየኝና፣ ታዲያ ያንቺ ስም የት ሄደ? አለኝ። ከዚያ ተቆጣጣሪው ሲመጡ እናገራለሁ አለ። ይህንኑ ለአቶ ዘገዬም ፊት ለፊት ነገረው።»

«ሐሰት ነው» አለ ዘገዬ።

«ይሁን፤ እንግዲያው ድንጋዮቹን እንጠይቅ» አሉ ሰብስቤ። ሁለት ሰዎች በምልክት ጠርተው ከታችኛው ጉድጓድ አጠገብ የተኛውን ክዳን አፉ ላይ አስገጠሙት። ድንጋዩ ተወላገደ፤ በአንድ ወገን ክፍተት ቀረ። ከላይኛው ጉድጓድ ያለውን አስመጥተው ሲያስገጥሙት ልክ ሆነ።

«ክዳኖቹ ተለዋውጠዋል። የላይኛው ጉድጓድ የያዘው ገብስ ነበር።» መሐረባቸውን ፈቱ። «ይህ ደግሞ ከላይኛው ክዳን ሆድ ላይ ያነሳሁት የበቀለ ማሽላ ነው። ማሽላ ያለው በታችኛው ብቻ ነው። ታችኛው ጉድጓድ የተከፈተው ትናንት ጠዋት ነው፤ ፋኖሱን ያጠፋው ያልወጣው ትንፋሽ እንጂ ሙታን አይደሉም። የከፈተው ሰው ርጥቡን ክዳን ወደ ላይኛው ጉድጓድ አንከባለለ፤ በባዶ ጉድጓድ ላይ ወር ሙሉ የደረቀውን አምጥቶ እዚህ ገለበጠ። ባጫ መጣ፣ ዳበሰ፣ ደረቅ ሆኖ አገኘው። ወዬሳ ከፍቶታል ብሎ አምኖ ወረደ።»

«ታዲያ ወዬሳስ ራሱ ቢሆን?» አሉ ሹሙ።

«ወዬሳ ቢሆን ኖሮ፣ ዋዜማውን ከፍቻለሁ ይል ነበር። ደረቁ ክዳን ይመሰክርለታል። እሱ ግን በገመድ ታስሮም አልከፈትኩም ይላል። ከፍቷል ብሎ የተከራከረለት አንድ ሰው ነው።» ወደ ዘገዬ ዞሩ። «እርስዎ ስደርስ የድንጋዩ ሆድ ደርቆ በዓይኔ አይቻለሁ አሉኝ። መሐመድዘይን፣ ኡኡ ሲሉ ክዳኑ እንዴት ነበር?»

ለነጋዴው ነገሩ ቀስ እያለ ገባው። «እንስራ ሙሉ ውኃ ፈሶበት ነበር። ባጫም ላዩ ላይ ተጋድሟል።»

«ሕዝቡ ሲመጣ ድንጋዩ ርጥብ ነበር። ደርቆ ሊያየው የሚችለው ከባጫ በፊት እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

«ተከራከርኩለት እኮ» አለ ዘገዬ። «ወዬሳን ለማዳን ብዬ ነው።»

«አዎ። ሰው ነው የገደለው እንዳይባል፣ ሙታንን ሊከሱ ፈልገው ነው። በሕይወት ሳሉ የሚበሉትን ቀምተዋቸዋል፤ ከሞቱ በኋላ ደግሞ በስማቸው በሉ። በዚህ ላይ ነፍሰ ገዳይ ሊያደርጓቸው ነበር።»

ሹሙ በገዛ እጃቸው ገመዱን ከወዬሳ ፈትተው ዘገዬን አሰሩበት። ባቡሩ ሲጮህ ዘገዬን ይዘው ወረዱ። ማንም አልሰደበውም። ወዬሳ ግራሩ ሥር ሄዶ ባዶውን መሬት ጥቂት አየ፤ ባጫ ማታውን ተቀብሯል። ከዚያ ተመልሶ ቁናውን አነሳ፤ ማሽላው መሰፈር ነበረበትና።

ባላምባራስ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደራርቱ የሚለውን ስም ሰረዙ። ብዙ ስም ሰርዘዋል፤ እንደዚህኛው የከበዳቸው ግን የለም። ከሥሩ ሌላ ስም ጻፉና ቀና አሉ።

«አበዛሽ።»

ሴትየዋ የተጠራችው ማን እንደሆነች ለማየት እሷም እንደ ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለች። ስሟ በሰው ፊት ከተጠራ ዘመን አልፏል።

«አንቺ እኮ ነሽ» አላት ወዬሳ።

«አቤት» አለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፊቷ እንደተገለጠ መጥታ ቀረጢቷን ዘረጋች። ወዬሳም ላዩን በእጁ ሳይጠርግ፣ ባጫ ይሰፍር እንደነበረው ከምሮ ሰፈረላት።