ተዛምዶ ያለ ስምምነት

ናም ሂወን ነርስነቱን የተወችው ተጣልታ ወይም ተባርራ አይደለም። ደክሟት ነው፤ ያውም እንቅልፍ የማይጠግነው ድካም። ዴጉ ከተማ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለምርምር ሥራ ስትቀጠር «ቢያንስ ቁጭ ብዬ እውላለሁ» ነበር ያለችው።

ሥራው ቪዲዮ ማየት ነው። መናገር የተሳናቸው አረጋውያን ሲታጠቡ፣ ሲበሉ፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ተቀርጸዋል። እሷ ፊታቸውን አይታ ሕመማቸው ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሚሆን ትመዝናለች። ከመጋረጃው ማዶ ደግሞ ባንግ ሳንግሆ የሚባል ሰው ያንኑ ቪዲዮ እያየ የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ስላዩት ነገር መነጋገር ክልክል ነው።

«ሳትመካከሩ ከተስማማችሁ መለኪያው ይታመናል» ብለዋቸዋል የምርምሩ ኃላፊ ፕሮፌሰር ክዋክ። «ያኔ ሆስፒታሎች ይጠቀሙበታል። አመመኝ ማለት ያልቻለ ሰውም ማስታገሻ ያገኛል።»

ምሳ ሰዓት ላይ ግን ወሬ አልተከለከለም። ከሕንጻው ሥር ባለችው ምግብ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው የኑድል ሾርባ ከኪምቺ፣ ቅመም ከገባበት የተብላላ ጎመን ጋር ይበላሉ። ሳንግሆ ብዙ አይናገርም። እናቱን ለረጅም ጊዜ አስታሞ ነው የቀበረው፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞ ሥራው አላስቀምጥ ብሎት ወደዚህ መጣ።

«ዛሬ ኪምቺውን አልነኩትም» አላት አንድ ቀን።

«ማኘክ ደከመኝ።»

«እኔ ላኝክልዎት?»

ሂወን ሳቀች። ሳቋ ራሷን አስደነገጣት፤ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

የመጀመሪያው ውጤት ሲሰላ ፕሮፌሰር ክዋክ ሁለቱንም ጠሯቸው።

«ተዛምዷችሁ ግሩም ነው፤ ወደ አንድ ተጠግቷል» አሉ። «አንዳችሁ ከፍ ስትሉ ሌላችሁም ከፍ፣ ዝቅ ስትሉም ዝቅ። ስምምነት ግን የላችሁም። ሳንግሆ፣ ሁልጊዜ ከእሷ ሁለት ነጥብ ትጨምራለህ። እሷ አምስት ካለች አንተ ሰባት ነህ።»

«ተዛምደናል፣ ግን አልተስማማንም?» አለች ሂወን። «የስንቱ ባልና ሚስት ነገር!»

ሳንግሆ እስከ ጆሮው ቀላ። ፕሮፌሰሯ ግን አልሳቁም። «በዚሁ ከቀጠለ አንዳችሁን መቀየሬ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተስተካከለ። ቁጥሮቻቸው ገጠሙ፤ ፕሮፌሰሯም ፊታቸው ተፈታ። ማታ ማታ ሁለቱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን ዝናብ ያዛቸውና ሳንግሆ በአንድ እጁ ጃንጥላውን እንደያዘ በሌላው እጇን ያዘ። አላስለቀቀችውም። አውቶቡሷ መጣ።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ሲታጠቡ የሚያሳይ ቪዲዮ አዩ። ሂወን ሦስት ሰጠች። ወዲያው ሳንግሆ መጋረጃውን ገልጦ ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ስለ ቪዲዮው አናወራም» አለችው።

«እናቴም እንዲህ ነበር ጥርሷን የምትነክሰው። ይሄ አምስት ነው፣ ሂወን። እኔ ግን ሁለት ቀንሼ ሦስት አልኩ። እርስዎ ሦስት እንደሚሉ ስለማውቅ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ሂወን።

«አንዳችሁን እቀይራለሁ ካሉን ቀን ጀምሮ። ያለ እርስዎ እዚህ መዋል አልሆንልህ አለኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ነግሯት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግን ደሟ ፈላ።

«እነዚህ ሰዎች እኮ እያመማቸው ነው! በእኔ የተነሳ ስቃያቸውን ቀነሱባቸው?»

«እርስዎስ?» አላት በቀስታ። «የታየዎት ሦስት ብቻ ነው?»

እሱ ሲወጣ ቪዲዮውን ደግማ ከፈተችው። የሽማግሌው የእግር ጣቶች ተኮራምተዋል፤ መንጋጭላቸው ይንቀጠቀጣል። ነርስ ሳለች የሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ ከየአልጋው በሚጠራት ጣር መሐል ቀኑን ለመጨረስ ስትል፣ ግማሹን ብቻ መስማት ለምዳ ኖሯል። ሳንግሆ አላበዛም። እሷ ናት የቀነሰችው።

በማግሥቱ ሳንግሆ ሁሉንም ለፕሮፌሰሯ ተናዘዘ። ቁጥሮቹ ተጣሉ፤ እሱም ተሰናበተ።

«የእኔም ልክ አይደለም» አለች ሂወን። «ዓይኔ ደክሟል።»

ፕሮፌሰር ክዋክ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አንቺ ያየሽውን ነው የሰጠሽው፤ እሱ ያላየውን። የደከመ ዓይን በሥልጠና ይታረማል። እንደ አዲስ እንጀምራለን፤ አንቺም ቆዪ።»

ሳንግሆ ወደ ትውልድ መንደሩ፣ ወደ ኡልጂን ሄዶ በባሕሩ ዳር ባለ የአረጋውያን ማቆያ ተቀጠረ። ሂወን አልሸኘችውም። ክረምቱን ሙሉ ከአዲስ ባልደረባ ጋር ስትለማመድ፣ ስትሳሳት፣ ስትታረም ከረመች። ዛፎቹ ሲያብቡ መለኪያው ተጠናቀቀ። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሳንግሆ ሽርጡን እንዳሸረጠ ወጣ፤ ሲያያት ባለበት ቆመ።

«መጡ?»

«መጣሁ።»

ከማቆያው ፊት ለፊት ያለው የፌርማታ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ባሕሩ ግራጫ ነበር።

«አሁንም ተቆጥተዋል?»

«መቆጣትም ይደክማል» አለች። «ሳልነግርዎት የቀረሁት ነገር አለ። እኔም ያለ እርስዎ መዋል አልሆንልሽ ብሎኝ ነበር የከረምኩት።»

ሳንግሆ ከውስጥ ኮቱን አምጥቶ ደረበላት። ጥቂት ቆይቶ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ አረፈ፤ እንቅልፍ ወስዷታል። እንዳይቀሰቅሳት ትንፋሹን ቆጥቦ ተቀመጠ።

የዴጉ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ «ትሄዳለች?» ሲል በእጁ ጠየቀው። ሳንግሆ አያት፤ ከዚያም ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አውቶቡሱ ሄደ።

ስትነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

«አውቶቡሱስ?»

«ሄደ። የዛሬው የመጨረሻው ነበር።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«እንቅልፍሽ አሳዘነኝ» አላት።

«እንግዲህ እራት ታበላኛለህ» አለችና ራሷን ከትከሻው ሳታነሳ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።