የአሳሪ ቃል

ነሐሴ ፳፭ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ የፌርፋክስ ጎዳና በሙቀት ዝሎ ነበር፤ የአይሁዶቹ ዳቦ ቤቶች መጋረጃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ የዘንባባው ጥላ እንኳ ከግንዱ ርቆ መሄድ የሰነፈ ይመስላል። ለገሠ እንግዳሸት ግን ከኦሎምፒክ ጎዳና ማዕዘን ጀምሮ ሩጫ ቀረሽ እርምጃ ይራመዳል፤ በብብቱ ለዶክትሬት የደከመበትን ጽሑፍ ይዟል።

ጽሑፉ ስለ ሞክቴዙማ ነው፤ በሜክሲኮ ምድር አሥራ ስምንት ዓመት ስለ ገዛው የአዝቴኮች ንጉሠ ነገሥት። ለዙፋን ሲመረጥ ቤተ መቅደስ ሲጠርግ ተገኘ ይባልለታል፤ ከነገሠ በኋላ ግን መኳንንቱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሻካራ ልብስ ደርበው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ካልሆነ ፊቱ አይቀርቡም ነበር። ያ ሰው ባሕር ተሻግረው በመጡ ስፔናውያን እጅ፣ በገዛ አባቱ ቤተ መንግሥት ታስሮ ሞተ። ያሰሩት፣ «ሊያረጋጋው ሰገነት ላይ የወጣለት ሕዝብ በድንጋይ ወገረው» ብለው ጻፉ፤ ያገሩ ሰዎች ደግሞ፣ «በስለት የወጉት እነዚያው ናቸው» ብለው ለልጆቻቸው ነገሩ። ለገሠ የጽሑፉን ምሰሶ ያቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነበር፤ የአሳሪ ቃል ስለ እስረኛው ሞት አይታመንም።

ምሰሶው ሐሙስ ዕለት ተነቀነቀ። የአዲስ አበባ ራዲዮ፣ ከዙፋን ከወረዱ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት ንጉሠ ነገሥት በሕመም ማረፋቸውን ተናገረ። የለገሠ አባት ባላምባራስ እንግዳሸት እልፍኝ አስከልካይ ነበሩ፤ ከጌታዬ አልለይም ብለው በር አብሮ ከተዘጋባቸው አገልጋዮች አንዱ። ሞቱ በሕመም ከሆነ፣ አሽከሩን ማን ይነካዋል? በሰው እጅ ከሆነ ግን፣ ያየውን ሰው ማን ይተወዋል? እናም ካቻምና በዚሁ ከተማ «ዘውዱ ይውረድ» የሚል ሰሌዳ ተሸክሞ የተሰለፈው ለገሠ፣ አሳሪዎቹ እውነት ተናግረው እንዲሆን ሲጸልይ ሰነበተ፤ ለማን እንደሚያዝን፣ ማንን እንደሚጠላ ጠፍቶበት።

ለገሠ የሚጣደፈው ጽሑፉን ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ሊያነብ ነው፤ ማኅበሩ የሚሰበሰበው በሊቀ መንበሩ፣ ክፍሉ በሚባል ተማሪ ቤት ነበር። ክፍሉ ምሕንድስና ይማራል፤ ከትምህርት ሲወጣ ሚራክል ማይል በሚባለው የገበያ ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ ለሕክምና መጥተው የቀሩትን አክስቱን እትዬ ፀሐይወርቅንም አስጠግቷል። እትዬ ፀሐይወርቅ በወጣትነታቸው የእቴጌ ደንገጡር ስለ ነበሩ ባላምባራስን ያውቋቸዋል፤ ተማሪዎቹ ግን ለገሠ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቁም፤ እሱም አፍሮ ነግሯቸው አያውቅም።

«ሶ፣ ጓድ ለገሠ» አለ ክፍሉ፣ ንባቡ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ። «ጫማ ማስወለቁን ሰማን፤ ኦኬ፣ ፊውዳል ነው። አሁን ዋናውን ንገረን። ማን ገደለው?»

ለገሠ ወረቀቱን አየ። የጻፈው ሌላ፣ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሕዝቡ ነው። በድንጋይ። ያሰሩትማ በጋሻ ሊከልሉት ሞክረው ነበር።»

«ይኸው ነው! ሰፊው ሕዝብ!» ክፍሉ ጠረጴዛውን መታ።

«ባለፈው ለኔ ስታነብልኝ እኮ በስለት ነበር» አለች ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ምንትዋብ፤ የማኅበሩን ጽሑፎች የምታርመው እሷ ናት። «ድንጋዩን ከየት ለቅመህ መጣህ? ከፒኮ ጎዳና?»

ሳቅ ሆነ። ሻይ ይዘው የገቡት እትዬ ፀሐይወርቅ ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ በድንጋይ ሞተ ያሉት እነማን ናቸው?»

«ያሰሩት ናቸው፣ እትዬ።»

«አንተስ ታምናቸዋለህ?»

«ኃይለ ሥላሴ ይሙት! አምናቸዋለሁ።»

ገበያ ላይም፣ ችሎት ፊትም አገር ሁሉ የሚምለው፣ እሱም አፍ ከፈታ ጀምሮ የለመደው መሐላ ነበር። ክፍሉን ሳቅ አመለጠው።

«አንተ፣ ሰውዬው ሞተ እኮ! በሞተ ሰው ምለህ ማን ያምንሃል? ይልቅ አባቴ ይሙት በል!»

በክፋት አላለውም፤ እንዲህ ያለ መሐላ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ከሰላምታ አይከብድም። ለገሠ አፉን ከፈተ። ባላምባራስ እንግዳሸት በዓይኑ መጡበት፤ ለጌታ ጀርባ መስጠት ነውር ነውና፣ የግቢውን ልማድ አንዳንድ ቀን በገዛ ቤታቸው ይዘነጉትና ወደ ኋላ እየተራመዱ ከሳሎን ይወጡ ነበር፤ እናቱም «ኧረ ዞር ይበሉ፣ እኔ ንግሥት አይደለሁም!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

«በል እንጂ!»

«አልልም።»

«ለምን? አምናለሁ አላልክም?»

«አላውቅም፣ ክፍሉ። አላውቅም።»

«ተወው አንተ» አሉ እትዬ ፀሐይወርቅ የወንድማቸውን ልጅ። ትሪውን አስቀመጡና ወደ ለገሠ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሜክሲኮው ንጉሥስ፣ በሩን የሚጠብቅለት ሰው አልነበረውም?»

«መቼም ሳይኖረው አይቀርም፣ እትዬ። አልተጻፈም።»

ክፍሉ አንዴ አክስቱን፣ አንዴ ለገሠን አየ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ መሄጃ አጣ።

ከዚያ በኋላ ለገሠ ያን «የአሳሪ ቃል አይታመንም» ያለበትን ምሰሶ ከጽሑፉ አወጣው፤ በቦታው «አሟሟቱ በውል አልታወቀም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ። የሚያማክረው ፕሮፌሰር ድፍረት የጎደለው ነው ብሎ ተቸው፤ ማዕረጉን ግን አልነፈገውም። ዘመን ተለውጦ ለገሠ አገሩ ሲገባ፣ አንዱ «ባላምባራስን ጎጃም አየኋቸው» አለው፤ ሌላው «ያን ጊዜውኑ…» ብሎ አንገቱን ደፋ። ስለ ነገሥታቱ አሟሟት ሰው ዛሬም መጽሐፍ ገልጦ ይሟገታል። ባላምባራስ እንግዳሸት ግን ሰው የሚሟገትበት ቃል እንኳ አልተጻፈላቸውም፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ከታሪክ እልፍኝ ወጡ።