ማርሽ የሚቀይረው ሰው ይሁን

ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከቲማቲም ተራ አለፍ ሲባል የነርቭ ተራ ይገኛል። ሻጮቹ ዕቃቸውን ከፀሐይ በጆንያ ጋርደው «ንኪው፣ መንካት በነፃ ነው» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጣራሉ። ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ በላይ አርባ ሜትር ከፍ ብሎ ድሬዳዋን የሚዞረው የውድድር ቀለበት ከተሠራ ወዲህ፣ ይህ ገበያ ከሽንኩርት ገበያ የተለየ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሙናም ልትደነቅ አልመጣችም። ለእሑዱ ውድድር ለሞተሯ ቀያሪ ልትመርጥ ነው የመጣችው።

ቀያሪ ማለት ፍሪሲዮን ሳይያዝ ማርሽ የሚያስገባ፣ ከማርሽ መርገጫው ጋር የሚታሰር፣ የቡጢ ያህል ዕቃ ነው። የሞተሩን ጉልበት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆርጦ ማርሹን ያሳልፋል። ከፋብሪካ አብሮ የሚመጣው ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ለማሸነፍ የሚነዳ ሁሉ ነቅሎ ይጥለውና ከቀፊራ የተሻለ ይገዛል።

ጋሽ በድሩ ሁለት አስቀመጡላት። ሠላሳ ዓመት ቀያሪ የሸጡ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ይቺ ሴንሰር ናት» አሉ። «እግርሽ እስኪረግጥ ትጠብቅና ትቀይራለች። ታማኝ ናት። ታማኝ ሆኖ አንደኛ የወጣ ግን እኔ አላየሁም።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ሰው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ራሳቸውን የሚነዱ ሞተሮች ዋንጫውን ሁሉ ጠራርገው የወሰዱ ጊዜ፣ የቀለበቱ ማኅበር ለሰው ልጅ ክብር ሲል አንድ ደንብ አወጣ፤ ማርሽ የሚቀይረው ሰው ይሁን። ቆመው አጨብጭበው ነው ያጸደቁት። ብልጦቹ እቤታቸው ገብተው ደንቡን ደግመው አነበቡት። ሰው ይሁን እንጂ ሙሉ ሰው ይሁን አይልም። ብዙም ሳይቆይ ከሞተረኛ እግር የወጣ ሕያው ነርቭ በዕቃ ታሽጎ ገበያ ወጣ። የሞተሩን ድምፅና የነጂውን ቃል የሚሰማባት ቀጭን ወንፊት አለችው፤ ነጂው «ልቀይር» ብሎ ሳያስብ እሱ ቀይሮ ይጨርሳል። ነርቩ ከየት ይመጣል ለሚል ደግሞ መልሱ በውል ተጽፏል። ለቡድን የሚነዳ ሁሉ ሲፈርም «የማይታዘዝ እግር የቡድኑ ነው» የምትለዋን አንቀጽ አብሮ ይፈርማል። ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሰው እግሩ ከነቅርጹ ይቀርለታል፤ ነርቩን ቡድኑ ይወስዳል። የማን እንደሆነ መናገር በቀፊራ ነውር ነው።

ነርቭ የሚገዛ ሰው አውራ ጣቱን መርገጫው ላይ አሳርፎ መታ መታ ያደርጋል፤ ነርቩ በሕይወት ካለ መልሶ ይመታል። ሙና አሳርፋ መታች። መልሱ መጣ። ሁለት ፈጣን፣ አንድ ዘግየት ያለ።

እጇን ሳታነሳ ቆየች። ይህን ምት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ታላቅ ወንድሟ ናስር ሞተሩ ላይ ከፊቱ አስቀምጧት ሲያዞራት፣ በቆሙበት ሁሉ መርገጫውን በጫማው ጫፍ እንዲህ ይመታ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው፤ ይኸው ዛሬም በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቀለበቱን ሲያይ ይውላል።

«ጋሽ በድሩ፣ ይሄ የናስር ነው።»

«ስም አንጠራም፣ ልጄ።»

«የወንድሜ ነው እኮ የምልዎት።»

«ቢሆንስ?» አሉ ሽማግሌው። «ሦስት ዓመት አንቺ ተሸከምሽው። አሁን ደግሞ እሱ ይሸከምሽ።»

ሙና የቆመችው ለዋንጫ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትታው ትሄድ ነበር። የቀለበቱ አሸናፊ ግን በዓመት አንዴ የአንድ ሰው ወገብ በነፃ ያሳክማል፤ የራሱን ወይም የቤተሰቡን። የናስርን አጥንት ያዩት ሐኪም ከዚህ ዓመት ካለፈ ደርቆ ይቀራል ብለዋል። በሴንሰር አታሸንፍም፣ ይህን ታውቀዋለች። ደግሞም ለራሷ አንድ ጥሩ ምክንያት ሰጠች፤ ማንም ባዕድ ከሚረግጠው እኔ ይዤው ልውጣ አለች። ሰው ሊጨክን ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነሳው ፍቅርን ነው። ዕቃውን በሻሿ ጠቅልላ ወጣች።

እቤት ስትደርስ ናስር ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ።

«የቱን መረጥሽ፣ ሙኒ?»

«ሴንሰሯን።»

«አቦ ጎበዝ። ቀርፋፋ ናት፤ ግን ሰላም ትሰጥሻለች።» ከዚያ ወደ ቀለበቱ አየና «እኔ ነርቬን ሲወስዱት ሐኪሙን ‹ለሞተር ብቻ አትስጡት› ብዬው ነበር። እሺ አለኝ። እሺ ሲለኝ ግን አላየኝም» አለ።

ሙና ውኃ ልታመጣለት ተነሳች። አልጠማውም ነበር።

ዓርብ ቀትር ላይ ለልምምድ ቀለበቱ ላይ ወጣች። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ማርሽ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ሐሳቧን ሳትጨርስ ይቀይርላታል። ሄልሜቷ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። ዘጠነኛው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን ስድስተኛ አላስገባም አለ። ሞተሩ በአምስተኛ እየጮኸ አለፈ። በሚቀጥለው ዙርም እንዲሁ ሆነ። አሥራ አንድ ጊዜ ዞረች፣ አሥራ አንድ ጊዜ እምቢ አለ። ናስር የወደቀው እዚያ ላይ፣ ስድስተኛ ሲያስገባ ነበር።

ጋሽ በድሩ ዕቃውን ገልብጠው ከሥሩ ያለች ትንሽ ብሎን አሳዩዋት።

«ይቺን አልነገርኩሽም ለካ። እምቢ ሲል ትነዝረዋለች፣ ሲቀይር ትተወዋለች። ሩብ ዙር ለሚፈራ፣ ግማሽ ዙር ለሚያስታውስ።»

«ያመዋል?»

«ነርቭ አይደል እንዴ? ከሴንሰር የፈጠነው ለምን መሰለሽ?»

«ከግማሽ በላይስ?»

«ከግማሽ በላይ ሁሉም ይታዘዛል። ሰው አይደል።» መፍቻውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «እኔ አልነካትም። የሚያጠብቃት የሚነዳው ነው፣ ልማዳችን ነው።»

ሙና ሩብ ዙር አጠበቀች። ቅዳሜ ወጥታ ሞከረችው፤ ዘጠነኛው ላይ እየተንቀጠቀጠ እምቢ አለ። ግማሽ አደረገችው። አንዴ ቀየረ፣ አንዴ ተወው። እሑድ ጠዋት፣ ሞተሯን መነሻው መስመር ላይ ካቆመች በኋላ፣ ጎንበስ ብላ ሦስት ሩብ አደረሰችው። ሕሊናዋ ዝም አላላትም። እሷም መልስ አላጣችም፤ በየዙሩ ዘጠነኛው ሲቃረብ «ለአንተ ነው፣ ናስር፣ ለአንተ ብዬ ነው» ትለዋለች። ወዲያው ንዝረቱ ይነሳል፣ ከቡት ጫማዋ ሥር ዕቃው ይርገፈገፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ታገላት። በሦስተኛው ገና ድምፅዋን ሲሰማ ቀየረ። ከዚያ ወዲያ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ በአንድ ጎማ ርዝመት ቀድማ ገባች።

ከውድድሩ በኋላ አሸናፊው ይመረመራል፤ ማርሹን የቀየረው በእርግጥ ሰው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። መርማሪዋ ወይዘሮ ትርሲት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የቀያሪውን መዝገብ አነበቡ።

«በልምምድ አሥራ አንድ ጊዜ እምቢ ብሏል። ከዚያ ደግሞ፣ እያመመውም እምቢ ብሏል። ማሽን እንዲህ አያደርግም፤ ሰው ነው፣ አጽድቄዋለሁ።» ቀጥለው የሙናን እጅና እግር የመዘገበውን ገጽ ገለጡ። «አንቺ አንድም ቦታ አላመነታሽም። ጎበዝ ነጂ ነሽ።»

ምስጋና ነበር። ሙናም እንደ ምስጋና ተቀበለችው።

«ሕክምናው ለማን ነው?»

«ለወንድሜ። ወገቡን ነው። ነርቩን ቡድኑ ወስዶበታል።»

ወይዘሮ ትርሲት የዕቃውን ቁጥር ከወንድሟ መዝገብ ጋር አስተያዩና ፊታቸው በራ። «ታድለሻል፣ ልጄ። ወገቡ ቢጠገንም ለእግሩ የሌላ ሰው ነርቭ አይይዝለትም፤ የግድ የራሱ መሆን አለበት። ስንቱ ፈልጎ ያጣዋል። አንቺ ይዘሽው መጣሽ። ሰኞ ይገባለታል።»

ሙና ብሎኑን እስከ መጨረሻው ፈታችው። ዕቃውን ታቅፋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣችና ናስር ጭን ላይ አስቀመጠችለት። የምትናገረው ቃል ቢጠፋት እጁን ይዛ አውራ ጣቱን መርገጫው ላይ አሳረፈችለት።

ናስር ዕቃውን አየ፣ እሷን አየ። ሴንሰር አለመሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም፤ አልተቆጣትምም። ከእግሩ ነርቭ ከተለያየ ሦስት ዓመቱ ነው። በጣቱ ቀስ ብሎ መታ፤ ሁለት ፈጣን፣ አንድ ዘግየት ያለ። ጆሮውን አቅርቦ መልሱን ጠበቀ።

ቀጭ አለ። ማርሽ ቀየረ።

ሞተር የለ፣ መንገድ የለ። ደግሞ መታው። ደግሞ ቀየረ። ሦስተኛ ሲሞክር ጣቱ ገና ሳያርፍ ቀየረ። ናስር እጁን ሰበሰበ።

«ማነው እንዲህ ያስፈራራው?»

«ብሎኑን ፈትቼዋለሁ» አለች ሙና። ቀጭ አለ። «አሁን እኮ አያመውም።» ቀጭ።

ናስር ወደ ዕቃው አንገቱን እንደደፋ «የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም» አለ።

«ሰኞ ይገባልሃል። ትሄዳለህ፣ ናስር። ለአንተ ብዬ እኮ ነው።»

ይህን ጊዜ አንዴ ብቻ አልቀየረም። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ከስድስተኛ በላይ ማርሽ በሌለበት፣ ሌላ ማርሽ ሲፈልግ ናስር ጭን ላይ ተርገፈገፈ። ናስር በሁለት መዳፉ ሸፈነው፤ ወንፊቷንም በአውራ ጣቱ ደፈናት።

«ዝም በይ፣ ሙኒ» አላት። «እባክሽ፣ ዝም በይለት።»