በአባቷ ላይ ብቻ የወጣው ጽሑፍ

ጽሑፉ ብቅ ያለው አባቷ አፉን እንደከፈተ ነው።

ሮዳስ መጀመሪያ ዜና የሚያልፍ መስሏት ነበር። ነጫጭ የደች ፊደላት ከአባቷ ከረባት በታች ተደርድረው ቆሙ። አባቷ ዘገየ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ይናገራል፤ ያው አባቷ ደግሞ እዚሁ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሳሎናቸው ውስጥ፣ ያንኑ ከረባት እንዳሰረ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ክርክሩ የተቀዳው በዚያው ሐሙስ ቀን ላይ ስለነበር ማታ ራሱን ለማየት ደርሷል።

«እዩማ! ጽፈውልኛል!» አለ በደስታ። «ንግግሬን በጽሑፍ አወጡት!»

«እሰይ!» አሉ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ ቆሎ እንደጨበጡ። «ትልቅ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው እንጂ።»

ቤቱ ሞልቷል። ወንበር ያልደረሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። የዴን ሃግ ደቡብ ሰፈሮች አንዲት ትንሽ ፓርቲ አላቸው፤ ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ የዕጩዎቿን ዝርዝር ማን እንደሚመራ አባላቷ ሊወስኑ ነው። ሦስት ዕጩዎች ቀርበዋል፤ የአካባቢው ቴሌቪዥንም ሦስቱን አከራክሯል። ድምፅ መስጫው እሑድ ማታ ይዘጋል። እዚህ የተሰበሰበው ሐበሻ ሁሉ አባል የሆነው ለዘገየ ብሎ ነው። ፓርቲዋ ከአሥራ አራት ዓመት ጀምሮ ስለምትቀበል አሥራ አምስት ዓመቷ ሮዳስም አባል ናት።

ካሜራው ወደ ሁለተኛዋ ዕጩ ዞረ፤ ማርሌን የምትባል አጭር ጸጉር ያላት ሴት ናት። ተናገረች። ከሥሯ ምንም አልወጣም። ሦስተኛው፣ መነጽር ያደረገ ወጣት፣ እሱም ተናገረ። ምንም። ተራው ተመልሶ ለዘገየ ደረሰ፤ ፊደሎቹም ተመልሰው ከከረባቱ ሥር ቆሙ።

ሦስቱም የተናገሩት በአንድ ቋንቋ ነው፤ በደች።

ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ጠፋ።

«ሮዲ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ፣ «ያ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት የሚሉት፣ ጆሯቸው ለማይሰማ ሰዎች የሚያወጡት ጽሑፍ... ሪሞቱ ላይ ተነክቶ ይሆናል። አጥፊው እስቲ።»

ሮዳስ ሪሞቱን አነሣች። እንዳልተነካ ታውቃለች። ጽሑፉ በሪሞት የሚጠፋ ሳይሆን ምስሉ ላይ የተለጠፈ መሆኑንም ታውቃለች። ሰው ሁሉ እጇን እያየ ተጫነች። አልጠፋም። ደግማ ተጫነች።

«ባትሪው ነው መሰለኝ» አለች።

«አዎ፣ ባትሪው ይሆናል» አለ ዘገየ። ከዚያ በኋላ ስለ ጽሑፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሮዳስ ስልክ ተንቀጠቀጠ። የክፍሏ ልጆች ግሩፕ ነው። ዳን የሚባለው ልጅ የአባቷን ምስል ከነጽሑፉ ለጥፎ በደች ጽፏል፦ «ሮዳስ፣ ይኼ ያንቺ ፋደር አይደለም እንዴ? ደች ወደ ደች ያስተረጉማሉ?» ከሥሩ በሳቅ የሚያለቅሱ ፊቶች ተሰልፈዋል። ስልኩን ገልብጣ ጉልበቷ ሥር ደበቀችው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወጥ ቤት ቆመው አለማምዳዋለች። ኸ የምትለዋን ድምፅ ከሆላንዶቹ ይበልጥ ከጉሮሮው ያወጣታል፤ «ቤት» የምትለዋ የደች ቃል ግን ምላሱ ላይ አልሄድ ብላ ስንት ቀን አሳቀቻቸው። ያጠናውን ሁሉ ጋዜጠኛው መሃል ገብቶ ሲያቋርጠው ጥሎት፣ በራሱ መንገድ ሄደ።

ክርክሩ ሳያልቅ ዘገየ ተነሣ። ማታ ማታ ትራም ያጸዳል። ከረባቱን ፈትቶ በር ላይ ሰቀለና ብርቱካናማውን ጃኬት ለበሰ።

«እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው» አለ እየሳቀ። የሳቀለት የለም። «በርታ!» አሉት ብቻ።

እሱ እንደወጣ ወሬው ተጀመረ።

«ጎበዝ ነው፤ ግን...» አለ አንዱ።

«ልቡ ንጹሕ ነው፤ ግን...» አለ ሌላው።

ሐበሻ «ግን» ካለ ያለቀ ነገር ነው። ዘገየ ይህችን «ግን» ያውቃታል። የሐበሾቹ ማኅበር ውስጥ የሚፈለገው ወንበር ሲደረደርና ድስት ሲጫን ነው፤ ማይኩ የሚሰጠው ዲግሪ ላለው። አንድ ጊዜ ለሊቀመንበርነት እጁን ቢያወጣ ስምንተኛ ክፍል መድረሱን አንሥተው በዘዴ አስቀመጡት። በዚያው ቀን ወንበሩን ያነሣው እሱ ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዝም ብለን አንገምት። የምታውቅ ልጅ አለች» አሉና ወደ ሮዳስ ዞሩ። የሐኪም ቤት ቀጠሮም፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የኸሜንተ ደብዳቤም ሲመጣ ሁሉም ወደ ልጅ ነው የሚዞረው። «ልጄ፣ አንቺ ደቹን እንደነሱ ነው የምትናገሪው። እውነቱን ንገሪን። ሆላንዶቹ ይመርጡታል?»

ጉልበቷ ሥር ስልኩ ደግሞ ተንቀጠቀጠ።

«አይ» አለች። «አይመርጡትም።»

«ማርሌንንስ?»

«እሷን ይመርጧታል።»

«አለቀ» አሉ አቶ ወልደየስ። «ድምፃችንን ሜዳ ላይ ከምንበትን ለምታሸንፈው እንስጥ። ነገ ስንጠይቃት ታውቀናለች። ለዘገየ ግን ማንም እንዳይነግረው፤ ይከፋዋል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሮዳስ አንድ ቃል እንዲህ ቤት ሙሉ ሰው ሲያዞር አይታ አታውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቷ ጽጌ ወጥ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች። ቱይስዞርግ፣ ቤት ለቤት እንክብካቤ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ ስታጥብ ውላ ማታ ዕቃ ታጥባለች። ዞር ሳትል ጠየቀች፦

«የጠየቁሽ ስለ ደቹ ነው ወይስ ስለ አባትሽ?»

«እማ፣ እኔ እኮ እውነቱን...»

«አልዋሸሽም» አለች ጽጌ። «ፎጣውን አቀብዪኝ።»

ቅዳሜ ሮዳስ በሯን ዘግታ ክርክሩን እንደገና ከፈተችው። የታሪክ መጽሐፏን ስክሪኑ ሥር አቁማ ጽሑፉን ከለለችውና አባቷን ብቻ ሰማች።

ጥሩ ተናጋሪ አልነበረም። እውነት ነው። አንድን ነገር ሁለቴ ይላል፤ ማርሌን ስትናገር ይቁነጠነጣል። በፎቆቹ መወጣጫ ደረጃ ላይ ስለሚወጣው ሻጋታ ተጠይቆ ጭራሽ ስለ ሌላ ንዴቱ ያወራል። ብትፈርድ ነጥብ የምትሰጠው ለማርሌን ነበር፤ መልሷ ንጹሕና አጭር ነው።

መጨረሻ ላይ ጋዜጠኛው ሦስቱንም «ሌላው የማይችለው እርስዎ የሚችሉት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማርሌን የተማረችውን ዘረዘረች። ወጣቱ ስለ በጀት አወራ። አባቷ በዚያው በተሰባበረ ደቹ እንዲህ አለ፦

«እኔ የተለየ ነገር አልችልም። ከምርጫው በኋላ ግን ያው ደረጃ ላይ ታገኙኛላችሁ። ብሸነፍም።»

ሮዳስ መጽሐፉን አነሣችው። ከሥር የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «የሰፈሩ ነዋሪ ነኝ።»

መልሳ አጫወተችው። ሐሙስ ዕለት እዚያ ሳሎን ውስጥ ሁሉም፣ እሷም ጭምር፣ ጽሑፉን ሲያይ ነበር። የሰማው ሰው የለም።

እሑድ በባቡር ሮተርዳም ሄዱ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እዚያ ነው። ሕንፃውን የሚከራዩት ከሆላንዶች ስለሆነ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹን አጽድተው ማስረከብ አለባቸው። ዘገየ እንደተለመደው ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ወንበር ማንሣት ጀምሯል።

አቶ ወልደየስ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ሮዳስን በእጃቸው ጠሯት። ስልካቸውን ሰጧት፤ ከኋላቸው ሌሎቹ የየራሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የድምፅ መስጫው ገጽ በደች ነው፤ የሚጫንላቸው ልጅ ነው።

«ማርሌን ላይ አድርጊልን።»

ሦስቱ ስሞች ተደርድረዋል። የአባቷ ስም ከማርሌን በላይ ነው፤ አውራ ጣቷን ትንሽ ከፍ ብታደርግ በቂ ነው። ማንም አያይም። ቢያዩም ልብ አይሉትም።

ጣቷ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንተ... ይቅርታ፣ እርስዎ፣ መጨረሻ ላይ አባዬ ምን እንዳለ ሰምተዋል?»

«የሰፈሩ ነዋሪ ነኝ አይደል ያለው?»

«እሱ ጽሑፉ ነው። አባዬ እንደዛ አላለም።» በአማርኛ ነገረቻቸው። ቃል በቃል፣ ሳታሳምር።

አቶ ወልደየስ መሬት መሬት አዩ። «ጥሩ ብሏል» አሉ። «ዘገየ ነዋ! ጥሩ ነው ያለው።» ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «ግን ልጄ፣ አይመርጡትም ያልሽን አንቺው ነሽ። እኛ አንቺን ነው ያመንነው።»

የራሷ ቃል ነው ዞሮ የመጣባት።

ማርሌን የሚለው ላይ ተጫነች። ቀጣዩን ስልክ ተቀበለች። እሱም ላይ። ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ወንበር በወንበር ላይ ሲነባበር ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከሰልፉ መጨረሻ ወይዘሮ ድንቅነሽ ደረሱና ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አሉ።

«ለአባትሽ አድርጊልኝ። ለወልደየስ እንዳትነግሪ፣ እሺ? ማን ይጨቃጨቀዋል!»

ሮዳስ ተጫነችላቸው። የራሷን ስልክ አወጣችና የአባቷን ስም ነካች። «ድምፅዎን ተቀብለናል» አላት። እንደማይበቃ ለማወቅ መደመር አላስፈለጋትም። ቀጥላ የክፍሉን ግሩፕ ከፈተች። የዳን ጥያቄ ከነሳቆቹ እዚያው አለ። «አዎ፣ ፋደሬ ነው» ብላ ጻፈችና ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ዘገየ ብቻውን ረጅሙን ጠረጴዛ ሊያነሣ እየታገለ ነው። ሄዳ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ተሸክመው ግድግዳው ጋ ወሰዱት።

«አባዬ።»

«ወይ።»

«ሐሙስ ማታ አንተ ከወጣህ በኋላ ጋሼ ወልደየስ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር።»

ዘገየ ቀና አላለም። የጠረጴዛውን እግር እያጠፈ፣ «ይመረጣል ወይ ብለው?» አለ።

ሮዳስ ደነገጠች። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሌላ ማንን ሊጠይቁ ኖሯል?» ሁለተኛውን እግር አጠፈው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ቁጡ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው። «ምን አልሽ?»

በደች ቢሆን ይቀላት ነበር። በደች አንዳንድ ነገር ሲባል የሌላ ሰው ወሬ ይመስላል።

የጠረጴዛውን ጫፍ ለቀቀችና ያለችውን በአማርኛ ነገረችው።